በቀን የመሸባት ክፍል

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት በቀን አይነገርም ነበር። ተራቹ አያቴ ነው። ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጫካ ዕድሜ ልኩን ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነውና ጋቢው ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ያኔ ግን ለእኔ ያ ሽታ የተረት ሽታ ነበር። እራት ተበልቶ ምድጃው ውስጥ ፍም ብቻ ሲቀር ጉሮሮውን ይጠርግና በቤንችኛ ይጀምራል። በቀን ከጨቀጨቅነው «በቀን ከተረቱ ንብ ሥራ ይፈታል፤ ሂዱ ወዲያ!» ብሎ ያባርረናል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን እኔ አፍ አልነበረኝም። አማርኛዬ ስለሚሰባበር፣ ገና ስናገር ልጆቹ እየተቀባበሉ አነጋገሬን አስመስለው ያሾፉብኛል፤ ስለዚህ ዝም ማለት ለመድሁ። አንድ ቀን አስተማሪያችን ቲቸር አልማዝ ሙዚየም ልትወስደን እንደሆነ ነገረችንና «የአገሩን የድሮ ነገር የሚያጫውተን ሽማግሌ ያለው ማነው?» አለች። እጄ ሳላስበው ወጣ። በዚያ ሳምንት ያወራሁትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አላወራሁም፤ አያቴን ቢሰሙት እኔንም ይሰሙኛል ብዬ አምኜ ነበር።

ሙዚየም ስንል አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳው ላይ የቆዳ ጋሻ፣ ቀንድና ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ ተሰቅሎባታል። አያቴ ጋቢውን አሳጥቦ መጣ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። በመስኮቱ የገባውን ፀሐይ ያያል፣ እኛን ያያል፣ ዝም ይላል። ከኋላዬ አንዱ «አያትሽም እንዳንቺ ናቸው እንዴ?» ሲል ሳቁ ተነሣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቲቸር አልማዝ አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች። በዚያች በተሰባበረች አማርኛዬ የንቡን ነገር ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ታዲያ ምን ቸገረን፣ እናስመሸዋለና» አለች።

መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ ዘበኛውን ፋኖስ አስመጣች። ክፍሉ ሲጨልም ልጆቹም ጸጥ አሉ። ያኔ አያቴ ፊት ቆማ እጅ ነሣችና «አባቴ፣ እንደምን አመሹ?» አለችው።

አያቴ የተዘጋውን መስኮት አየ፣ ፋኖሱን አየ፣ ፈገግ አለ። «እግዜር ይመስገን» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

እሱ በቤንችኛ፣ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩለት፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ እየዘለልን የምንጫወትባትን ጉቶ ታሪክ ሰማን። ድሮ ትልቅ ዛፍ ነበረች፤ ሁለት ጎሣዎች በአንድ የንብ መንጋ ተጣልተው ለእርቅ ጥላዋ ሥር ተቀመጡ፤ ንቡ የሁለቱንም ቀፎ ትቶ የአንዲት መበለት ቀፎ ውስጥ ገባ፤ እሷም ማሩን ቆርጣ ሁለቱንም አንድ ገበታ ላይ አበላቻቸው። በማግስቱ ጉቶዋ ላይ የዘለለ ልጅ አልነበረም። በእኔም አነጋገር ያሾፈ የለም።

ወደ ቤት ስንሄድ «ንቦቹስ?» አልኩት። «ፋኖሱን አይተው ተኝተዋል» አለኝ።

አያቴንም ቲቸር አልማዝንም አመሰግናለሁ፤ እሱ ተረቱን ሰጠኝ፣ እሷ አፌን። አያቴ ዛሬ የለም፤ እኔም አስተማሪ ሆኛለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን እዚያች ክፍል አስገብቼ በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን እዘጋና «እንደምን አመሻችሁ?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ዘንድሮ ግን ከቴፒ የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ አልሳቀችም። ፋኖሱን እያየች «የእኛም አያት በቀን አይተርቱም» አለች። ወንበሬን ለቀቅሁላት።