ሲሚንቶ ላይ የቆረጠው ዲስክ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። የማልረሳው ስላፈርኩበት ነው፤ አፍሬ ግን አልቀረሁም።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ትንሽ የብየዳ ቤት አለችኝ። በር፣ መስኮትና የበረንዳ ብረት እሠራለሁ። እኔን እያዩ "ባለሙያው የታለ?" ለሚሉኝ "ፊትህ ቆማለች" ማለት ከለመድኩ ቆይቻለሁ።

ጋሽ በዳዳ ግን ይህን አልጠየቁኝም። ከቡራዩ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው። መሬታቸውን ባረሱት ቁጥር አፈሩን ጎርፍ እየወሰደባቸው ስለተቸገሩ ሳያርሱ መዝራት ፈልገዋል። የስንዴውን ገለባ ማሳው ላይ እንደተኛ ትተው፣ ከብት እንዳይገባበት ሲጠብቁ ከጎረቤት ሁሉ ተኳርፈው ከርመዋል። የቀራቸው ከሞፈሩ ሥር እየተሽከረከረ ገለባውን የሚቆርጥ ዲስክ ነበር፤ ባቄላው እሱ በከፈተው መስመር ይዘራል።

"ትችያለሽ ልጄ?" አሉኝ።

"እችላለሁ" አልኩ። ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ከአሮጌ የትራክተር ዲስክ ላይ ቆርጬ፣ ኩሽኔታ አስገብቼ፣ ጠርዙን በግራይንደር ሳልኩት። ግቢዬ ውስጥ ገለባ በትኜ ስገፋበት እንደ መቀስ ቆራረጠው። ጎረቤት ጠርቼ ሳይቀር አሳየሁ።

ማሳው ላይ በጠዋት ደረስን። የራሳቸውን በሬዎች ይዘው የመጡት የጋሽ በዳዳ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዲስኩ ካልሠራ ዛሬውኑ ማሳውን አርሰዋለሁ ብለው ነው የመጡት። ከታረሰ ደግሞ የጋሽ በዳዳ የዓመት ልፋት አበቃ።

ዲስኩ አንድ ገለባ አልቆረጠም። እያጠፈ ወደ አፈሩ ይወትፈዋል፤ ባቄላው አፈር ሳይነካ ገለባ ላይ ይቀራል።

ወንድምየው ሳቁ። "አንቺ ሂጂና በርሽን ሥሪ" አሉኝ።

ጋሽ በዳዳ ጎንበስ ብለው ገለባው ላይ የቀረውን ባቄላ አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። ይህ ከሳቁ የበለጠ አመመኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። የእኔ ግቢ ሲሚንቶ ነው። እዚያ ገለባው የተቆረጠው ከሥሩ ጠንካራ ነገር ስለነበረ ነው። እዚህ ሌሊቱን ዘንቦ አፈሩ ለስልሷል፣ ገለባውም ርሷል። የኮልፌ ልጅ አይደለሁ፣ የማሳ ዕቃ ሲሚንቶ ላይ ሞክሬ መጣሁ።

በራሴ ተናድጄ ነበር፤ ለወንድምየው ግን አላሳየሁም።

"በሬዎቹን ያሳርፏቸው እንጂ አይውሰዷቸው" አልኳቸው። "ገለባው ይድረቅና ስድስት ሰዓት ላይ እንሞክራለን።"

"እምቢ ካለስ?"

"እምቢ ካለ ያርሱ። እስከዚያ ሞፈሩን የሚነካ ጸቡ ከእኔ ጋር ነው።"

ጠርዙን በሞረድ እንደገና ሳልኩት። ማሳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ሁለት ድንጋይ አንስቼ፣ ክብደት እንዲሆነው ከዲስኩ በላይ በሽቦ አሰርኩ። ከዚያ ጀንበሯን ስጠብቅ አረፈድኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ገለባው እጄ ላይ ቀጭ ብሎ መሰበር ጀመረ።

ጋሽ በዳዳ እርፉን ያዙ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ሄደ። አልፎ አልፎ አሁንም ያጥፍ ነበር፤ የሚበዛውን ግን ቆረጠው፣ ባቄላውም አፈር ውስጥ ገባ። ማሳው ዳር ደርሰው ሲመለሱ ወንድማቸውን "በሬዎቹን እስከ ማታ እፈልጋቸዋለሁ" አሏቸው። ወንድምየው ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ገለባ አገላበጡ፤ ከዚያ ለበሬዎቹ ውሃ ሊያመጡ ሄዱ። እኔም ይቅርታ አልጠበቅኩም።

በማግስቱ የግቢዬን ሲሚንቶ በዲጂኖ ፈልፍዬ አፈር ሞላሁበት፤ ገለባ በትኜ ውሃ አጠጣሁት። አከራዬ ሲያዩት ጮኹ። "የብየዳ ቤት ነው ያከራየሁሽ ወይስ እርሻ?" አሉኝ።

"ሁለቱንም" አልኳቸው።

ዛሬም በመጡ ቁጥር ድፈኚው ይሉኛል። ያንን ጠዋት ሳስበው ጆሮዬ ይግላል፤ ስለዚህ አልደፍነውም። ከእንግዲህ እዚያ ጭቃ ላይ ያልቆረጠ ዲስክ ከግቢዬ አይወጣም።