ዲሹ ከጣራ የወረደ ዓመት

የባሌ አባት ከአገራቸው ከኡካ መጥተው እኛ ዘንድ መቱ በተቀመጡ በሁለተኛው ሳምንት ከረጢታቸውን አሰሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስ ድረስ መሬት ላይ ቆይተዋል። ባሌ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ ስላጣ ነው እየለመነ ያመጣቸው። ተመልሰው ብቻቸውን ቢወድቁስ? ከዚህ የከበደ ጭንቀት ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

«ምን አጎደልንብዎት አባባ?» አልኳቸው። ስደነግጥ ድምፄ ቁጣ ይመስላል።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ምንም አላጎደላችሁብኝም። ግን እዚህ ቤት የሚያናግረኝ ያ ሳጥን ብቻ ነው። እሱም ስመልስለት አይሰማም።»

ዘወር ብዬ ሳይ ሁለቱ ልጆቼ ቴሌቪዥኑ ፊት አፋቸውን ከፍተው ተተክለዋል፤ ባሌ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ እኔም ብሆን ያን የጠየቅኳቸው ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ ነበር። አፈርኩ። ከማፈር ደግሞ መናደድ ይቀለኛልና ተናደድኩ።

በማግስቱ «ዲሹ ይውረድ!» አልኩ።

«ኳሱስ?» አለ ባሌ።

«ሜዳ ሄደህ እይ።»

ያቺን ቁጣዬን ያውቃታልና ጣራ ላይ ወጣ። አባባ መሰላሉን ይዘው ቆሙ፤ ልጆቹ ሰው የሞተ ያህል አለቀሱ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በእኛ አገር ዝናብ ዲሹ ከሚያሳየን የሚደብቀን ይበልጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ በአውቶቡስ ተጭኖ ቡሬ ወደምትኖረው እህቴ ሄደ፤ በምትኩ ሦስት ሴት ዶሮና አንድ አውራ ተላከልን። ጎረቤቴ «ሰው ወደ ፊት ሲሄድ አንቺ ወደ ኋላ!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። ትልልቆቹ ስልኮቻችንም መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ማደር ጀመሩ፤ ቤት የምትገባው አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ሆነች።

አባባን ደግሞ «ቢያንስ ጓሮውን ያልሙልን» ብዬ ያዝኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ጎደሬው እስኪደርስ ብቻ» አሉ።

ያ ጓሮ ከዚያ በፊት ያበቀለልን ነገር ቢኖር የተሰበረ ባልዲ ነው። አባባ ልጆቹን ከኋላቸው አስከትለው ቆፈሩት፤ ጎደሬ ተከሉ፣ ጎመን ዘሩ፣ ዱባ አጥሩ ላይ ሰቀሉ። ዶሮዎቹን ዝናብ ሲደበድባቸው አይተው ዲሹን ገልብጠው በአራት እንጨት ላይ ደፉትና ጣራ አደረጉላቸው። ብዙም ሳይቆይ ጎመንና እንቁላል ከገበያ መግዛት ተውን። አንድ ቀን ጨው የበዛበት ጎመን ሠርቼ ሳቀርብ እንኳ ልጆቹ «የእኛ እኮ ነው!» እያሉ ሙልጭ አድርገው በሉት። ስንት ዓመት ያበሰልኩላቸው ሴት በሰው ጎመን ተመሰገንኩ።

ማታ ማታ እራት እስኪደርስ በረንዳ ላይ እንቆቅልሽ ተጀመረ። ትልቋ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር።

«አካኮ፣ እንቆቅልህ!» አለች አያቷን።

«አያትሽን ነው አንተ የምትዪው?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ተያት፣ ጨዋታ አንቱታ አያውቅም» አሉኝ አባባ። «ምን አውቅልሽ!»

«ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ ዝናብ ሲመጣ ትታወራለች።»

አባባ ጢማቸውን ዳሰሱ። «የሱፍ አበባ።»

«አይደለችም!»

«እንቁራሪት።»

«አይደለችም! አገር ስጠኝ!»

እንቆቅልሽ መፍታት ያቃተው አገር ይሰጣል፤ ደንቡ ነው።

«ቡሬን ሰጠሁሽ።»

«እምቢ!»

«ጎሬን።»

«እምቢ!»

አባባ ወደ ጓሮው እያዩ «እንግዲያው ኡካን ሰጠሁሽ» አሉ።

«ኡካ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብላ ዘለለች። መልሱ ዲሽ መሆኑን ስትነግራቸው «እኔማ የዶሮ ቤት መሆኗን ነው የማውቀው!» ብለው ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን።

ጎደሬው ደረሰ። ቀቅለን በዳጣ በላነው፤ ለዚያች ለሳቀችብኝ ጎረቤቴም ላክሁላት። በማግስቱ ጠዋት የአባባ ከረጢት ታስሮ በር ላይ ቆሟል። ባሌ መሬት መሬት ያያል። እኔም አንደበቴ ታሰረ፤ ይህ ደግሞ የሚያውቀኝ ሁሉ የማያምነው ነገር ነው።

ልጄ የደንብ ልብሷን ለብሳ በሩን ዘግታ ቆመች።

«አካኮ፣ የት ልትሄድ ነው?»

«ኡካ።»

«ኡካ የማን ናት?»

«ያንቺ።»

«ታዲያ ማን ፈቀደልህ?»

ሽማግሌው እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ከረጢታቸውን አንስተው ወደ ጓዳ መለሱት። «እውነቷን ነው» አሉ ሲመለሱ። «በሰው አገር ያለ ፈቃድ አይገባም። ትምህርት ሲዘጋ አንቺው ትወስጂኛለሽ።»

ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት መሥሪያ ቤት አረፈድኩ። ከመውጣቴ በፊት እንቁላል ልለቅም ዲሹ ሥር ጎንበስ ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና እንቁላሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያኔ ከረጢታቸውን ያሰሩት ለመሄድ ይሁን ያን ሳጥን ለማስወጣት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም፤ አልጠይቃቸውምም። ግን ያ ዲሽ ከጣራ ሲወርድ መሰላሉን ይዘው የቆሙት እሳቸው አልነበሩም እንዴ?