ባዶ የማይሆነው መሸመኛ

ሳይደርቅ ተጣጥፎ የተቀመጠ ልብስ ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ባለፈው ሰሞን ከቁም ሳጥን አንሶላ ሳወጣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣና፣ ጉለሌ ወንዝ ዳር የነበረው ቤታችን እንዳለ ትዝ አለኝ፤ እርጥብ ጥጥ፣ ደለል፣ ክረምቱን ሙሉ የማይደርቅ የጭቃ ግድግዳ፣ የእናቴ የደረት ቅባት። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አንሶላውን ጠቅልዬ መልሼ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ወረወርኩት።

ቤታችን ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ ከድልድዩ በታች በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር። በአንደኛው ክፍል አራታችን እንኖር ነበር፤ በሌላኛው የአባዬ መሸመኛ ይኖር ነበር፤ ይኖር ነበር የምለው እንደ ቤተሰብ ይቆጠር ስለነበር ነው። አባዬ በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ አጠገብ የሰፈረ ሸማኔ ነው። ሸማኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ እታች ያሉትን መርገጫዎች እያፈራረቀ እየረገጠ ነው የሚሠራው፤ አባዬ ደግሞ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጉድጓዱን ከሌላው ሸማኔ ሁለት ስንዝር ያህል አጥልቆ ቆፈረው። ወንዝ ዳር! አንድ ጓደኛ እንኳ «ቶማስ፣ ተው ውሃው ይመጣብሃል» የሚለው አልነበረውም ወይ እያልኩ ዛሬም እበሳጫለሁ።

ክረምት ሲገባ ውሃው ይመጣ ነበር። በበር ቢመጣ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ከሥር፣ ከጉድጓዱ ወለል፣ ቀስ እያለ ነበር የሚፈልቀው። የሰፈሩ ልጆች የትምህርት ቤት እረፍታቸውን ሲያርፉ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ምሕረት በየጠዋቱ ተነስተን ጉድጓዱን በዘይት ጣሳ እየጨለፍን፣ በባልዲ ተሸክመን እንደገና ወንዙ ውስጥ እንደፋው ነበር፤ እሱም አመሻሽ ላይ ተመልሶ ይመጣ ነበር። አባዬ የላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልክና ይቀበል ነበር። ምን እንደሚሰማው ብትጠይቁት «ክር እርጥበት ይወዳል። ደረቅ ቤት ድሩ ይበጣጠሳል» ይል ነበር። ክር የሚወደውን እናውቅ ነበር። እኛ የምንወደውን ጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

እርጥበቱ ያልወደደው የእማዬን ደረት ነው። እማዬ የሰላሌ ልጅ ናት፤ አባዬ የሚሠራውን ጋቢና ነጠላ ጫፉን እየፈተለች ትቋጭ፣ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ትዘምር ነበር። በበጋ ለብቻዋ ስትዘምር የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ቀና ይሉ ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን አስሟ ይነሳና፣ ከኳየሩ ወጥታ ከእኛ ጋር ከታች ትቀመጥ ነበር፤ መዝሙሩ ሲጀመር አፏን ትከፍትና ሳሉ ይቀድማታል፣ ከዚያ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ጓደኞቿን ታያቸው ነበር። ያንን ፊቷን እያየሁ ጉድጓዱን እጠላው ነበር፣ አባቴንም ትንሽ እጠላው ነበር፤ እውነቱን ነው የምናገረው።

ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ዕድል በራችንን አንኳኳ። እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ አሮጊት ቁስቋም ዳገቱ ላይ የቀበሌ ቤት ነበራቸው፤ ጉልበታቸው ዳገት እምቢ ስላለ ለታክሲ የሚቀርብ ቤት ፈልገው ከእኛ ጋር ሊቀያየሩ መጡ። እማዬ ሄዳ አየችው፤ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ይገባል፣ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጎረቤት ናቸው እያለች ለምሕረትና ለእኔ አልጋ የሚዘረጋበትን ቦታ ሳይቀር በእጇ አየር ላይ ሳለችልን። አባዬ አልተቃወመም። አባዬ መቃወም አያውቅም፣ እሱ ነው ችግሩ። «ይሁን፣ ጥሩ ነው፤ ይቺ ጋቢ ከመሸመኛው ትውረድና እንሄዳለን» አለ።

ጋቢዋ በኅዳር ወረደች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ መሸመኛ አያለሁ ብዬ ሮጬ ገባሁ፤ አባዬ ግን አጎንብሶ ያለቀውን ድር ጭራ ከአዲስ ድር ጋር አንድ በአንድ ሲቀጥል አገኘሁት። ለካ ሸማኔ መሸመኛውን ባዶ አያደርግም። ክሩን ከመጀመሪያው አንስቶ ማስገባት ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ ከአሮጌው ድር ጫፍ ያስተርፍና አዲሱን እዚያው ላይ ይቋጥረዋል፤ አንዱ ሸማ ሌላውን እየጎተተ ያስገባዋል። አባዬ አዲስ አበባ ከመጣ ጀምሮ ያ መሸመኛ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ እንደማያውቅ ያን ቀን ነው የገባኝ። እኛ ደግሞ ባዶ እስኪሆን እየጠበቅን ነበር።

በጋው እንዲህ አለፈ። ገና ላይ ነጠላ ነበር፣ ከዚያ ሌላ ጋቢ፣ ከዚያ ለፋሲካ የታዘዘ ጥበብ። ወንዙ ጎድሎ፣ ሴቶች ድንጋዩ ላይ ልብስ እያሰጡ፣ እኔና ምሕረት ከትምህርት ቤት መልስ መወርወሪያው ውስጥ የሚገባው ቀሰም ላይ ማግ እያጠነጠንን፣ እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ ነበር፣ «ቶማስ፣ ለእትዬ ብዙነሽ ምን ልበላቸው?» እሱም «ይቺ ትውረድ» ይል ነበር። አንድ ቀን ቢጮኽ፣ አንድ ቀን «አልሄድም» ቢል እንዴት ደስ ባለኝ! እማዬም ልብሳችንን በፌስታል አስራ ጥግ ላይ ደርድራ፣ ስንፈልግ እየፈታች፣ መልሳ እያሰረች ትኖር ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የትምህርት ቤት ሹራቤን የምለብሰው ከፌስታል አውጥቼ ነው።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው ድልድዩን በከዘራ ተሻግረው መጡ። በር ላይ ቆመው እማዬን «አስቴር ልጄ፣ እኔም እኮ ሰው ነኝ» አሏት። «ሌላ ቀያሪ መጥቶልኛል። እስከ ሳምንት ካልመጣችሁልኝ ለሱ ቃሌን እሰጣለሁ።» አባዬ መሸመኛው ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና፣ «እትዬ፣ ይቺ የሠርግ ጋቢ ናት፣ እንደወረደች» አላቸው። ጋቢዋ ገና አንድ ክንድ እንኳ አልተሠራላትም ነበር።

ቅዳሜ አባዬ ሽሮ ሜዳ ዕቃ ሊያስረክብ፣ እማዬ ወፍጮ ቤት፣ ምሕረት ጎረቤት ሄደው ብቻዬን ቀረሁ። አባዬ ክር የሚቆርጥበትን ምላጭ አነሳሁና ድሩን ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። ቀጥ ብሎ የተወጠረው ነጭ ድር በአንድ ጊዜ ላልቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። አሁን ባዶ ሆነ፣ አሁን ምክንያት የለውም፣ ሰኞ ቁስቋም ነን ብዬ አሰብኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሒሳብ እንደዚህ ቀጥ ያለ ነው።

አባዬ መጣ። ቆሞ አየው። «ማነው?» አላለም፤ ወደ እኔም አልዞረም። ጃኬቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና ተቀምጦ፣ የተቆረጡትን ጫፎች ከጉድጓዱ እያወጣ አንዱን ከአንዱ መቋጠር ጀመረ። ብዙ መቶ ክር ነው። እማዬ ዱቄቷን ተሸክማ ስትገባ፣ አሁን በቃ ትለዋለች፣ አሁን ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ዱቄቱን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ መጥታ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ከሌላው ዳር መቋጠር ጀመረች። ስትቋጭ የኖረች ሴት ናት፣ ጣቶቿ ከሱ ይፈጥኑ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያወሩ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቋጠሩ። እኔ በንዴት ምግብ እንቢ ብዬ ምሕረት ላይ እጮኽ ነበር። በሳምንቱ እትዬ ብዙነሽ ከሌላው ሰው ጋር ተቀያየሩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ጣለ፣ ውሃው መጣ፣ እማዬም ከኳየሩ ወረደች።

ያን ድር ባልቆርጠው ኖሮ አባዬ በቀሪዎቹ ቀናት ልቡ ይመለስ ነበር፣ በእኔ የተነሳ ነው የቀረነው እያልኩ አደግሁ። እማዬ ማታ ማታ ትራስ ደርባ ተቀምጣ ስትተነፍስ በሰማሁ ቁጥር ምላጩ እጄ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንዙ ዳር ሲለማ ሰፈራችን ተነሳና ለወላጆቼ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ደረቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት። ያ አንሶላ ያናደደኝ ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ አባዬ በረንዳ ላይ ሆኖ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ለእማዬ ተናዘዝኩላት።

«እማዬ፣ ድሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በኔ ምክንያት ነው ቁስቋም መሄዳችን የቀረው።»

«አንቺ መሆንሽን እናውቃለን» አለች ሽንኩርቷን ሳታቆም። «ደግሞ ባንቺ አይደለም የቀረነው። እኔ ነኝ ለእትዬ ብዙነሽ አንሄድም ብዬ የላክሁባቸው።»

«ምን?»

«ድሩን ስንቋጥር አባትሽ ነገረኝ። ለካ እኔ ቤቱን ባየሁ በሳምንቱ ዶማ ይዞ ብቻውን ሄዶ ነበር። ወለሉ አለት ነው፣ ሦስት ቦታ ሞክሮ እንቢ አለው። ጉድጓድ የሌለው ሸማኔ ምን ይሠራል? አልሄድም እንዳይለኝ እኔን አየ፣ እሄዳለሁ እንዳይል አለቱን አየ፤ በቃ ዝም ብሎ ይቀጥል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» ጮኽኩ መሰለኝ። «ሃያ ዓመት እኮ ነው!»

«አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?»

ንዴቴን የማወርድበት ሰው አጣሁ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ተደግፈን፣ አንዱ አለቱን፣ አንዷ መልእክቱን፣ አንዷ ምላጩን ደብቀን ኖርን፤ ከሦስታችን አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ኖሮ ስንት ዓመት ይቀለን ነበር።

ያን ጊዜ ወንዝ ዳር አባዬ ይሠራ ነበር፣ እማዬ ትስል ነበር። አሁን እማዬ ክረምት ከበጋ ትዘምራለች፤ ሽንኩርቱን እየከተፈችም ጀምራ ነበር። አባዬ ደግሞ የታችኛው ፎቅ ሰው ጣሪያ የሆነው፣ ጉድጓድ የማይቆፈርበት ሲሚንቶ ላይ ወንበር አስቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ከጠዋት እስኪመሽ ተቀምጦ ያዳምጣታል። ሁለቱም ደህና የሚሆኑበት አንድ ቤት እስከ ዛሬ አላገኘንላቸውም።