ባለካልሲዋ ጣሪያ ላይ

ሰፈሩ ባለካልሲዋ ነው የሚላት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው። ስራዋ የመንግስት ህንጻ ጣሪያ መመርመር ነው። ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ጫማዋን መሰላሉ ጫፍ ላይ ታወልቅና በወፍራም ካልሲ ትሄዳለች። ጣሪያው ከተለበጠበት ጥቁር ካትራሜ ስር ውሃ የጠጣ ቦታ ካለ፣ ሲረግጡት እንደ ራሰ ዳቦ ስርጉድ ይላል። በጫማ ብትወጡ ይሄ አይታወቃችሁም። ሃያ ሁለት አመት እንዲህ ሄዳለች፤ ካልሲ በመጨረስ የሚስተካከላት የለም።

የዚያን ቀን ግን ገና ሳትወጣ ነው ደሟ የፈላው። የህዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ጣሪያ በአንድ ክረምት ለሶስተኛ ጊዜ ልታየው ነው። የህጻናት ማንበቢያው ኮርኒስ ሆዱ ተነፍቶ ክፍሉ ተዘግቷል፤ ሰኞ መከፈት አለመከፈቱ በሷ ፊርማ ነው። እሱስ ባልከፋ። የቤተ መጻሕፍቱ የጥገና ሰራተኛ ማን መሰላችሁ? ባሏ።

ባሏ ደግሞ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ ካትራሜ። ጣሪያ ሲያፈስ ካትራሜ፣ ባልዲ ሲቀደድ ካትራሜ። አንዴ የጫማውን ሶል በካትራሜ ለጥፎ የሳሎኑን ምንጣፍ እግሩ ላይ ይዞት ሄዷል።

ቁርስ ላይ «ዛሬ እንኳን ምንም አታገኚም» አላት። «ቅዳሜ ሁለት ባልዲ ነው ያፈሰስኩበት።»

«እሁድ አይደል እንዴ ኮርኒሱ የተነፋው?»

«እሱ የድሮ ውሃ ነው» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ኃላፊው ጠበቋት። እኚህ ሰውዬ አንድ ነገር ለመናገር ሶስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «እህም፣ እንግዲህ፣ እህም፣ ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸዋል። ጣሪያው፣ እህም፣ በመርህ ደረጃ ደህና ነው።»

«እስቲ በጣሪያ ደረጃ ልየው» ብላቸው ወጣች።

ባሏ ቀድሟት ወጥቶ፣ መሬት እንደሚሸጥ ደላላ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። «እዪው፣ መስታወት ነው።»

እውነቱን ነው። ሌሊቱን የዘነበው ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ተኝቶ ሰማይ ይታይበታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ውሃ ለምን አልሄደም?»

«ሜዳ ነው እኮ። ሜዳ ላይ ውሃ ወዴት ይሄዳል?»

«ሜዳ አይደለም። ወደዛ ጥግ ትንሽ ዘንበል ያለ ነው። ለጌጥ ዘንበል ያደረጉት መሰለህ?»

ካልሲዋን ነክራ እየዳበሰች ሄደች። አንድ እርምጃ ስርጉድ፣ ሁለተኛውም ስርጉድ። ጥጉ ጋ ስትደርስ ጠንካራ ክብ ነገር ረገጠች። ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ዙሪያውን በካትራሜ ግጥም ተደርጓል።

«ይሄ ምንድነው?»

«እሱማ ትልቁ ቀዳዳ ነው» አለ ኮራ ብሎ። «ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሲያልፈው የኖረው። በአይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ ውሃው ዷ እያለ ሲገባበት።»

ባለካልሲዋ ቅጠል የደፈነው መውረጃ አይታለች፤ ወፍ ጎጆ የሰራችበትም፣ ኳስ የተወተፈበትም አይታለች። ክዳን ተፈልጎለት የታሸገ ግን አይታ አታውቅም።

«ማነው ድፈነው ያለህ?»

«አንቺ ነሻ። ባለፈው ስትመጪ ጽፈሽ አልሰጠሽኝም?» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የራሷ እጅ ጽሁፍ ነው፦ ቀዳዳዎቹ ተፈልገው ይደፈኑ። ‹መውረጃው ሲቀር› አይልም። ያንን መጻፍ ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል?

«የውሃ መውረጃ ነው» አለችው።

«የቱ?»

«ትልቁ ቀዳዳህ።»

ክዳኑን አየ፣ እሷን አየ። «ታዲያ ለምን ቀዳዳ አስመሰሉት?» አለ ቀስ ብሎ።

በመሮ ፈልፍሎ ክዳኑን ሲያነሳው፣ ቧንቧው ልክ እንደ ኃላፊው ሶስቴ ጉሮሮውን ጠረገና ውሃውን መዋጥ ጀመረ።

ሲወርዱ ኃላፊው እዛው ናቸው። «እህም፣ ውሃው ከሄደ እንግዲህ ሰኞ...»

«የላይኛው ነው የሄደው። የታችኛውን ይምጡና ላሳይዎት።» የመጥረጊያ እንጨት አንስታ፣ የህጻናት ማንበቢያው በር ላይ ቆማ የተነፋውን ኮርኒስ ወጋ አደረገችው። ውሃው ተዘረገፈ፤ ተከትሎ በር የሚያህል ኮርኒስ መጥቶ አንዲት ሰማያዊ የልጅ ወንበር ላይ ወደቀ። ወንበሯ አራት እግሯን ዘርግታ ተኛች። ኃላፊው ጉሮሯቸውን እንኳ አልጠረጉም።

ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ‹ክፍሉ አይከፈትም፣ ካትራሜው ከነስሩ ይነሳ› ብላ ጻፈች። ‹የጉድለቱ ምክንያት› የሚለው ጋ እስክሪብቶዋ ቆመ። ባሏ ትከሻዋ ላይ ተንጠላጥሎ ያያል።

«ያባርሩኛል» አላት በሹክሹክታ። «አስራ አንድ አመቴ ነው እዚህ።»

«አውቃለሁ። ትንፋሽህን ከጆሮዬ አንሳልኝ።»

ጻፈች፦ መውረጃው በጥገና ሰራተኛው ተደፍኗል። ቀዳዳ ድፈን ብላ መውረጃውን ለይታ ያላሳየችው መርማሪዋ ናት። ፈረመች።

«አሁን ሁለታችንንም ሊያባርሩን ነው» አለ።

«ያባርሩን። ቤት ገብተን የራሳችንን ጣሪያ እንጠግናለን።»

«የኛንማ ትናንት ደፈንኩት እኮ።»

እርጥብ ካልሲዋን እየጨመቀች ነበር። እጇ ቆመ።

«የቱ ጋ?» አለችው።