ጆዚያን ከተማውን ያበላችበት ቅዳሜ

ጆዚያንን አንድ ተራ ማክሰኞ አራት መቶ አራት ዶላር ያስወጣታል። ለልጇ ለሎይክ የአራት ሰዓት ቴራፒ፣ ሰዓቱ በስልሳ አምስት፣ ሁለት መቶ ስልሳ። ከምትኖርበት ከተማ ከካፑስካሲንግ ቴራፒው ወዳለበት ቲሚንስ ደርሶ መልስ ቤንዚን አርባ ስምንት። ድንች ጥብስ ስድስት። ይህን ማስቀረት አይቻልም፤ ሎይክ ከቤት ውጭ የሚበላው ከአንድ ሱቅ ብቻ የተገዛ ድንች ነው፣ ያ ከቀረ የመልሱ መንገድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጩኸት ይሆናል። የቀረው ዘጠና ዶላር ከኪሷ የሚወጣ ሳይሆን ወደ ኪሷ ሳይገባ የሚቀር ነው። በቤቷ ምድር ቤት ጸጉር ትሠራለች፤ መንገድ ላይ በዋለች ቁጥር ደንበኞቿ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ረቡዕም እንደዚያው፣ ሐሙስም እንደዚያው። ባሏ ስቴፋን ግንድ የሚጭን ከባድ መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን ጫካ ነው የሚያሳልፈው፤ መሪውን የሚቀበላት የለም።

ይህን ሁሉ መክፈል ያለበት መንግሥት ነው። ክፍለ ሀገሩ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ገንዘብ ይመድባል። ልጁ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወረፋ ይጠበቃል። ሎይክ ሲመዘገብ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። አሁን ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ጆዚያን በየሦስት ወሩ ወደ ቢሮው ትደውላለች።

"ወረፋ ላይ ናችሁ፣ ወይዘሮ።"

"ስንተኛ ነን?"

"ቁጥር አንሰጥም።"

"ሥጋ ቤት እንኳ ቁጥር ይሰጣል እኮ!"

ሰውየው መልካም ቀን ተመኝቶላት ይዘጋል።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ ከቲሚንሱ የቴራፒ ማእከል ደብዳቤ መጣ። የክረምቱ አሥራ ሁለት ሳምንት ክፍያ፣ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ዶላር፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቀድሞ ካልገባ የሎይክ ቦታ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ማእከሉን መውቀስ አልቻለችም፤ እዚያም በር ላይ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። እነ ጆዚያን እጅ ላይ ያለው ግን፣ ስቴፋን በበረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር ከተሸጠ በኋላ እንኳ፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ነበር።

ሎይክ ድሮ አምልጦ ይሮጥ ነበር። በር ተከፍቶ ካገኘ ይወጣል፣ ከወጣ ወደ ወንዙ ነው። አንድ በጋ ጆዚያን የገበያ ከረጢቶቿን ከመኪና እስክታወርድ ድረስ ጠፍቶ፣ ውኃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ ቆሞ ተገኘ። ዛሬ "ቁም!" ሲባል ይቆማል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ከአሥር ስምንቱን። ስምንት ላይ ለመድረስ አሥራ አራት ወር ፈጅቷል። ቴራፒው አንድ ክረምት ሙሉ ቢቋረጥ ከስምንቱ ስንቱ እንደሚተርፍ ጆዚያን ማወቅ አትፈልግም። በሚያዝያ በረዶው ይቀልጣል፣ ወንዙ ይሞላል።

በዚያች ከተማ ቤት የተቃጠለበት ወይም ካንሰር የያዘው ሰው ሲኖር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የፓስታ እራት ይዘጋጃል። መግቢያው አሥራ አምስት ዶላር ነው፣ ቶምቦላ ይጫወታሉ፣ የተቸገረው ሰው ፎቶ በየሱቁ በር ይለጠፋል። ቤተሰቡ በሩ ላይ ተሰልፎ የገባውን ሁሉ እየጨበጠ ያመሰግናል። እራቱን የምታሰናዳው ማዳም ሪታ ናት፤ የሠላሳ ዓመት ልምድ አላት። ወሬው ጆሮዋ ሲገባ ጸጉሯን ልትቀባ ጆዚያን ቤት ወረደች።

"ፎቶውን አምጪ፣ ነገ አሳትመዋለሁ" አለች፣ ጭንቅላቷ ላይ ቀለሙ እንደተቆለለ።

"እራቱን እሺ። ፎቶ ግን የለም።"

"ደግሞ መድረክ ላይ ይዘሽው ትወጫለሽ። አንድ ደቂቃ ብቻ።"

"ሎይክ ለትርዒት የሚወጣ ልጅ አይደለም፣ ማዳም ሪታ። እዚያ ጫጫታ ውስጥ ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ ሁለት መቶ ሰው ፓስታ እየጠቀለለ እንዲያየው አልፈልግም።"

"የኔ ልጅ፣ ስሚኝ። የነኩቱርየ ልጅ ኩላሊቱን በታመመ ጊዜ ፎቶው ነው ያስለቀሰን። ሰው ካላለቀሰ ቦርሳውን አይከፍትም።"

"እንግዲያው ሽንኩርት እከትፍላቸዋለሁ።"

"ትዕቢተኛ ነሽ! ቁርጥ እናትሽን።"

"አመሰግናለሁ። አንገትዎን ቀና ያድርጉ፣ ጆሮዎ ሊጠቁር ነው።"

ማስታወቂያው ያለ ፎቶ ወጣ። ጆዚያን ግን ሳምንቱን ሙሉ ያሰበችው የእራቱን በር ነው። በሩ ላይ ስትቆም ይታያታል፤ እጇ ተዘርግቶ፣ ፈገግታዋ ደርቆ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ጊዜ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ስትል። ግብር የምትከፍል ሴት ናት። ሰው አስቸግራ አታውቅም።

ስጎውን የሚሠራው አጎቷ ፌርናንድ ነበር። ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሁለት ነው፣ አደንና ድስት። ቅዳሜ ጠዋት አራት ትልልቅ ድስት ጥዶ ማንንም ወጥ ቤት አላስገባም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሪን ጠረጴዛ ልትዘረጋ መጣች። ካሪን የጆዚያን የአክስት ልጅ ናት፣ ሥራዋ ደግሞ የአደን ተቆጣጣሪነት ነው። ማንኪያ አንስታ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

"አጎቴ፣ ይሄ የበሬ ሥጋ አይደለም።"

"ይጣፍጣል ወይስ አይጣፍጥም?"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

"የአጋዘኑ ነዋ! ባለፈው ሳምንት የጣልነው። ሁለቱንም የኋላ እግር ፈጭቼ ጨመርኩት። ለልጁ ስል፣ ለራሴ አንድ ጥብስ እንኳ አላስቀረሁም።"

"መግቢያው ስንት ነው?"

"አሥራ አምስት ዶላር።"

ካሪን ማንኪያውን አስቀመጠች። "የአደን ሥጋ አይሸጥም። ሃምሳ ዓመት አድነሃል፣ ይሄ አንተ ጠፍቶህ ነው?"

"ማን ሥጋ ሸጠ? የምሸጠው ፓስታውን ነው! ስጎው እንዲያው ላዩ ላይ ይፈሳል።"

"አጎቴ!"

"ልታስሪኝ ነው?"

"አንተን ማን ይቀልባል ብዬ ነው የማስርህ?"

ማዳም ሪታ ሮጣ መጣች። ጉድ ፈላ አለች፣ ወንበር ሳበች፣ መልሳ ተነሳች። አሁን የበሬ ሥጋ ይገዛ ቢባል ሺህ ዶላር ይበላል፣ ጊዜውም የለም። ፓስታ በቅቤ ብቻ ይቅረብ አለች። ከዚያ እራቱ ለሌላ ቅዳሜ ይዛወር አለች፤ ሌላ ቅዳሜ ግን ከጥቅምት መጨረሻ ያልፋል። ፌርናንድ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሻሸዋል። ያ ግዙፍ ሰው፣ ዓይኑ እንባ አቅሯል።

"አበላሸሁብሽ፣ የኔ ልጅ።"

ጆዚያን የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አሥራ አምስት ዶላሩን በሚጠበቀው ሁለት መቶ ስልሳ ሰው በልቧ አባዛችው፤ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር በድስቱ እንፋሎት አብሮ እየወጣ ነው። ቀና ብላ ካሪንን አየቻት።

"በነጻ ቢሰጥስ?"

"በነጻ ከሆነ ይቻላል። የአደን ሥጋ እንደሆነ በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ለጤና ቢሮው እኔ እደውላለሁ።"

"ደውዪ።"

"አብደሻል?" አለች ማዳም ሪታ። "የእርዳታ እራት በነጻ ተበልቶ ያውቃል?"

"የእርዳታ እራት አይደለማ" አለች ጆዚያን፣ ከጆንያው እየተነሳች። "ዛሬ ከተማውን የማበላው እኔ ነኝ።"

ጠረጴዛ ለማልበስ ከመጣው ጥቅል ወረቀት አራት ሜትር ያህል ቆርጣ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፣ ወፍራም እስክሪብቶም በክር አንጠለጠለችበት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ገባ። ገንዘቡን ያወጣ ሁሉ "መልሰው፣ ቁጭ በል፣ ብላ" እየተባለ ግራ ተጋብቶ ተቀመጠ። አዳራሹ ሲሞላ ወንበር ላይ ወጣች። ማይክሮፎኑን አልያዘችም፤ ሦስት ወንድሞች ያሳደጓት ስለሆነች ድምፅ አይቸግራትም።

"እንኳን መጣችሁ! ሥጋው የአጎቴ አደን ነው፣ ስለዚህ አይሸጥም፣ ደግሞ ልሸጥላችሁም ልቤ አይፈቅድም። ልጄን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቴራፒውን እንዲቀጥል ገንዘብ ያስፈልገኛል፣ አልዋሽም። ቶምቦላ ደስ ያለው ይጫወት። ግን ልመና አልወጣሁም። መንግሥት የመደበው ገንዘብ የልጄ ድርሻ ነው፣ አራት ዓመት ይዘውበታል። ስንተኛ እንደሆነ እንኳ አይነግሩኝም። ስለዚህ ዛሬ ራሴ እቆጥራለሁ። ልጁ እንደ ልጄ ወረፋ ላይ ያለ ሰው ካለ፣ የተመዘገበበትን ቀን እዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ። ስም አልጠየቅኩም። ቀን ብቻ!"

ወርዳ የሎይክን ቀን ጻፈች። ማንም አልተከተላትም።

"መንግሥት ገንዘቡን ከየት ያመጣዋል?" አለ ከጥግ ኖርማንድ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

"ከአንተ ደመወዝና ከእኔ መቀስ! አስቀድሞ ወስዶታል እኮ፣ ኖርማንድ። አንተም አፍህን አጽዳና ተናገር!"

ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ከሳቁ መሃል አንድ ሰው ተነሳ። ኢቫን ነው፣ ጋራዥ ያለው፣ ከከተማው ሁሉ ትከሻው የሰፋ። ልጅ እንዳለችው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ገበያ ውስጥ ያያት ግን የለም። ወደ ወረቀቱ ሄደ። እስክሪብቶው በእጁ ውስጥ ጠፋ። ጽፎ ሲመለስ ጆዚያን ቀኑን አየችው። ከሎይክ ስምንት ወር ይቀድማል።

"አሁንም?" አለችው።

"አሁንም" አለ ኢቫን። "እኛ ብቻ የቀረን መስሎን ነበር። ሚስቴ ቅጹን አበላሽተን ሞልተን ይሆናል ትላለች፣ ሁልጊዜ።"

ከእሱ በኋላ አንዲት አያት ለልጅ ልጇ ጻፈች። ከዚያ ከአጎራባች መንደር የመጡ ባልና ሚስት። ቶምቦላው ተጀምሮ አንድ መኪና ሙሉ የማገዶ እንጨት ዕጣ ሲወጣ እንኳ በወረቀቱ ዙሪያ ሰው ነበር። ማዳም ሪታ ራሷ የጎረቤቷን ልጅ በክንድ ጎትታ አምጥታ "ጻፊ፣ ምን ያሳፍርሻል?" ስትል ተሰማች። መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ የምዝገባ ቀኖች ተጻፉ። ጆዚያን በጣቷ ቆጠረች። ሎይክ ስንተኛ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አራተኛ ነው።

ቶምቦላው አምስት ሺህ ሦስት መቶ አሥር ዶላር አስገባ። የፓስታ ዋጋ ያልተጠየቀ ሰው ቲኬቱን በእጥፍ ገዝቶ ነበር። ይሁንና ስምንት መቶ ሃምሳ ጎደለ።

ሰኞ ጠዋት ጆዚያን ማእከሉ ደወለች። ቅናሽ አልለመነችም።

"እዚህ አሥራ አንድ ልጆች አሉ" አለቻት ሥራ አስኪያጇን። "ሁላችንም በበረዶ እየተንሸራተትን እናንተ ጋ ከምንመላለስ፣ አንድ ባለሙያ ወደ እኛ ቢመጣስ? አዳራሽ አለን።"

ሥራ አስኪያጇ ላስብበት አለች። ረቡዕ መልሷ መጣ። እስከ ገና ለሙከራ ያህል፣ አምስት ልጆች እስከተመዘገቡ ድረስ፣ ባለሙያዋ በሳምንት ሁለት ቀን ካፑስካሲንግ ትመጣለች። ሎይክ ቦታው ይጠበቅለታል፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቲሚንስ ይሄዳል። ክፍያውም በየወሩ ይሁን አለች። ኢቫን ልጁን የመጀመሪያው ቀን ይዟት መጣ፣ በዋናው መንገድ፣ በእግሩ፣ እጇን ይዞ።

ጆዚያን የወረቀቱን ፎቶ ከአንድ ሒሳብ ጋር አያይዛ ለምክር ቤት ተመራጩ ላከች። "ከተማው በእናንተ ፈንታ የከፈለው፤ አምስት ሺህ ሦስት መቶ አሥር ዶላር። በሠላሳ ቀን ውስጥ ይከፈል" ይላል። ጸሐፊው ደወለላት።

"ወይዘሮ፣ ይህን በየትኛው መዝገብ እንደምናስገባው አላወቅንም።"

"ሠላሳ ቀን አላችሁ፣ ፈልጉ። ካልተከፈለ በሚቀጥለው ወር ወለድ ጨምሬ እልካለሁ።"

እስካሁን ሦስት ጊዜ ልካለች። የመንግሥቱ ገንዘብ አልመጣም። ግድግዳው ላይ ያሉት ቀኖች ግን አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆነዋል፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ መጥቶ የጻፈም አለ።

ታሪኳ እንዲጻፍ ስትፈቅድ ለሚያነበው ሰው አንድ ነገር እንዲነገርላት ጠይቃለች። ገንዘብ አይደለም። "ልጃችሁ የትም አገር፣ በየትኛውም ወረፋ ላይ ካለ፣ የተመዘገበበትን ቀን በትልቁ ጽፋችሁ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ለጥፉልኝ" ትላለች። "ስም አትጻፉ፣ ቀኑ ይበቃል። ወረፋ ላይ ልጅ የሌላችሁ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ስታዩ አትቅደዱት። ከጎኑ እስክሪብቶ አንጠልጥሉበት።"