በእንግልውድ የደረስነው ለቅሶ

ከአገር የወጣሁ ማታ እህቴ ፅጌ ቦሌ ድረስ ሸኝታኝ፣ ሻንጣዬን ከመኪና እያወረደች፣ "ዘፈን ለመማር አሜሪካ ድረስ? እዚህ ዘፈን ጠፍቶ ነው?" አለችኝ። የሙዚቃ ቅንብር አስተማሪ ነበርኩ፤ ለዶክትሬት ነው የምሄደው ብዬ ኮራሁባት። አሁን ብትጠይቀኝ ግን ምን እንደምመልስላት አላውቅም።

ዴንቨር ደርሼ ቅንብር ተማርኩ። ያቀናበርኩትን የሰማ ሁሉ "ኢንተረስቲንግ" ይላል። እዚህ አገር ኢንተረስቲንግ ማለት "ደግመህ እንዳታሰማኝ" መሆኑ የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ፣ ሹፌሩ የከፈተው፣ ካንትሪ የሚሉት የገጠር ዘፈን ጆሮዬ ገባ፤ ስለ መጠጥ ቤት፣ ስለ ከዳች ሚስት፣ ስለ እናት። "ይሄማ የኛው እንጉርጉሮ ነው!" ብዬ የካንትሪን ታሪክ ማጥናት ጀመርኩ። አንድ ኮሌጅ ረዳት ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረኝ፤ ቋሚ ለመሆን ግን መጽሐፍ ማሳተም አለብኝ። ካላሳተምኩ ስንብት ነው፤ ሥራው ከሄደ ደግሞ ቪዛዬም አብሮ ይሄዳል።

መጽሐፉ በአንድ ሽማግሌ ላይ ተንጠለጠለ። ሚስተር ኧርል ይባላሉ፣ ዴንቨር አጠገብ እንግልውድ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በየመጠጥ ቤቱ ሲዘፍኑ ኖረው አንድም ዘፈን ያላስቀረጹ ሰው ናቸው። ከስንት ልመና በኋላ ጋራዣቸው ውስጥ ጊታራቸውን አንስተው አንዳንድ ዘፈን አስቀረጹኝ፤ መጨረሻ ላይ አንድ አዲስ ዘፈን አሰሙኝ። በዘፈኑ፣ ሚስታቸውን ቀብረው ሲመለሱ ጫማዋን በር ላይ ያገኙታል፤ ማንሳት ያቅታቸዋል። እንባቸው በጢማቸው ወረደ። እኔም አለቀስኩ። የመጽሐፌ ልብ ተገኘ ብዬም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ወደምኖርበት ኦሮራ ስመለስ ቤት ላከራዩኝ ለወይዘሮ የሺ ነገርኳቸው። ተነሡብኝ።

"ሰውየው ሚስቱ ሞታበት፣ አንተ ማሽን ደቅነህ ቀርጸህ መጣህ? ለቅሶ ሳይደረስ?"

"አሜሪካዊ ናቸው እኮ፣ ወይዘሮ የሺ።"

"አሜሪካዊ ሐዘን አያውቅም ያለህ ማነው?"

ቅዳሜ ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ባለቤታቸው ጋሽ ሙላቱ ታክሲያቸውን አስነሥተው፣ እኔ አንድ ድስት ንፍሮ ጭኔ ላይ ይዤ ሄድን። ሚስተር ኧርል ደጃፍ ላይ ፓርክ አደረግን። ፀጉራቸው የነጣ ሴት በሩን ከፈቱልን። ጋሽ ሙላቱ ቆባቸውን አውልቀው፣ አጎንብሰው፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" የሚለውን እንደምንም በእንግሊዝኛ አሉት።

"ማን ሞተ?" አሉ ሴትየዋ።

"የሚስተር ኧርል እህት ነዎት?" አልኳቸው።

"ሚስቱ ነኝ። ዶሪስ።"

ወይዘሮ የሺ ከኋላዬ በአማርኛ፣ "አፈሩ ሳይደርቅ አገባ? ጉድ!" አሉ።

ለዶሪስ ዘፈኑን ነገርኳቸው። ዶሪስ ሳቁ፤ በሩን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን ትተው፣ "ጫማዬ በር ላይ?" አሉ። ለካ ዘፈኑን ሰምተውት አያውቁም። "ኧርል!" ብለው ተጣሩ።

ሽማግሌው ፊታቸው በርበሬ መስሎ መጡ። "ዘፈን ነው" አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ "አምና ሆስፒታል ስትተኚ ነው የጀመርኩት። ቀድሜ ካላለቀስኩ ያን ጊዜ አልችለውም" አሉ።

ይህን ስተረጉምላቸው ወይዘሮ የሺ፣ "ለሰው በቁሙ ይለቀሳል እንዴ? ሟርት ነው!" አሉ፤ ዓይናቸውን ግን በነጠላቸው ጠረጉ። ዶሪስ አስገቡን። ንፍሮውን ጨው ነስንሰው በማንኪያ በሉት። ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ።

"ሌሎቹን ዘፈኖች ውሰድ። ይሄን ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይሰማውም። ስሞት መጽሐፍህ ውስጥ አስገባው።"

እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ሌሎቹ ዘፈኖች ተራ ናቸው። ያለዚያ ዘፈን መጽሐፍ የለም፤ አሳታሚውም እንደዚያው ነው ያለው። በየሳምንቱ እንግልውድ እየደወልኩ፣ "እንዴት ሰነበቱ?" እላለሁ። "ቲማቲም ስተክል ዋልኩ!" ይላሉ ዶሪስ። እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል። ስልኩን ስዘጋ ግን ደስታው የት እንደሚገባ እንጃ፤ ስለ ቪዛዬ ማሰብ እጀምራለሁ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ባለፈው እሑድ አገር ቤት ደወልኩ። ፅጌ አነሣች።

"ቋሚ አደረጉህ?"

"ሴትየዋ ደህና ናቸው።"

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"ዝም ብለሽ፣ እግዚአብሔር ያቆይልህ በይኝ።"

"ምን ነካህ አንተ? እሺ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው።"

አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከልቤ ይሁን አይሁን ግን እኔ ራሴ አላውቅም።