የሲቲ ሁለት መደብ

የወሎዋ መርሳ ቲማቲም የሚያመርት ሰው ሞልቷታል፤ ሲቲ ግን አንድ ናት! እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ወሎዬ ነኝና ወላሂ ብል ማንም አይታዘበኝም፤ ወላሂ እንደ እሷ ያለ ቲማቲም ደሴ ድረስ ቢፈለግ አይገኝም። ቀይ፣ ልሙጥ፣ አንድ ጠባሳ የሌለበት! ሳጥኑን ሞልታ በሰማያዊ ገመድ ሸብ ስታደርገው ለገበያ ሳይሆን ለጥሎሽ የሚሄድ ይመስላል። ጎረቤቷ ነኝ፣ ገበየሁ እባላለሁ፣ ባጃጅ ነው የምነዳው። ያን ሳጥን ከማሳዋ አስፋልት ድረስ ስንት ጊዜ እንዳመላለስኩት እኔና ጎማዬ ነን የምናውቀው።

ባሏ አሚር የሞተ ጊዜ ዘመዶቿ ተሰብስበው፣ «በቃ ማሳውን አከራዪውና አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት። «ለምን? የሞተው አሚር ነው እንጂ እጄ ነው እንዴ?» አለቻቸው። በነጋታው የመድኃኒት መርጫውን በጀርባዋ አዝላ ማሳ ገባች። ወንዶቹ ሳቁባት። አዝመራው ሲደርስ ግን እነዚያው ወንዶች አጥሯ ሥር ቆመው፣ «ሲቲዬ፣ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው የረጨሽው?» እያሉ ሲለማመጧት በዓይኔ አይቻለሁ። አቤት ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ!

ይኸውላችሁ፣ ይቺ ሴት ሁለት መደብ ነበራት። ትልቁ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ያለው ነው፤ «የገበያ መደብ» ትለዋለች። ማዳበሪያው ዩሪያና ዳፕ፣ የትሉ መድኃኒት፣ ቅጠል ለሚያቃጥለው ምች የሚረጨው መድኃኒት፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው የሚወርደው። ሁለተኛው ከቤቷ ጀርባ በእሾህ አጥር የተከለለ ትንሽዬ ነው፤ እሱ «የቤት መደብ» ነው። ፍግና አመድ እንጂ ሌላ አያውቅም። ፍሬው ትንንሽ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ አንዳንዱንም ትል ቀድሞ የጎበኘው። ሲቲ የምትበላው ከዚህ ብቻ ነው። ከገበያው መደብ አንዲት ፍሬ ወደ አፏ ስታስጠጋ አይቻት አላውቅም።

እኔና እሷ በዚህ ነገር ያልተጨቃጨቅንበት ቀን የለም።

«አንቺ ሴት፣ ቲማቲም ማለት ይኼ የጓሮሽ ነው! ሽታው ብቻ ያጠግባል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ኦርጋኒክ ነው የሚባለው፣ ዋጋውም እጥፍ ነው ብሎኛል» እላታለሁ።

«ኦርጋኒክ ማለት ትል ያለበት ማለት ነው?»

«ኧረ ያልተረጨ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ውሰድና ለዚያ ለአክስትህ ልጅ ሽጥለት! እኔ ይኼን ገበያ ባወጣው ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ገበያ በዓይኑ ነው የሚበላ፣ ገበየሁ። በሆዱ የሚበላ ቤተሰብ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው። እኔ ራሴ ለሚስቴ ገዝቼ ስገባ ቀዩን፣ ልሙጡን ነው የምመርጠው።

በ2014 ነሐሴ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። ያለፈውን ዓመት መከራ ገና አልረሳነውም ነበር። ቆቦ ተያዘ ተባለ፣ ቀጥሎ ወልድያም ልትያዝ ነው ተባለና ሰዉ በሲሪንቃ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። በእግሩ የመጣው፣ አይሱዙ ላይ የተደራረበው፣ ፍራሽ የተሸከመው፣ በግ የሚጎትተው! እኔ ደካማ ደካማውን እየመረጥኩ በነፃ ሳመላልስ ዋልኩ። ሲቲ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆማ እንግዳ ትጋብዛለች እንዳልል፣ ትነጥቃለች ነው የሚባለው! አንዲት እርጉዝ ከሽማግሌ አባቷ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየችና ጮኸች።

«ኧረ የአላህ ያለህ! በዚህ ሆድሽ ዝናብ ሊመታሽ ነው? ተነሺ! አባቴ፣ ይነሱ! ገበየሁ፣ ምን ትገተራለህ፣ ጫን እንጂ!»

እርጉዟ ሃና ትባላለች፤ ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ባሏ ለሥራ ሎጊያ ወርዶ ሳለ ጦርነቱ ለያያቸው። አባቷ አባባ ንጉሴ ደግሞ ረጋ ያሉ፣ ክብራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ሲቲ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። የጨነቃት ምን ላብላቸው የሚለው ነው። በግ እንዳታርድ የሙስሊም ሥጋ ለክርስቲያን አይሆንም፤ የእኛም ለእነሱ አይሆንም። «ግዴለሽም፣ አትክልት ሃይማኖት የለውም» አልኳት። እሷም የቤት መደቧን አራግፋ አበላቻቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ ከእሾህ አጥሩ ወዲያ አንድ ፍሬ አልቀረም።

አርብ ጠዋት ሲቲ የገበያውን መደብ ረጨች። ክረምት ነው፤ ምች አንዴ ከገባ ማሳ አይተርፍም። በነጋታው ደግሞ ነጋዴው አዳነ ከውርጌሳ በአይሱዙ መጥቶ ሊጭን ተቀጣጥረዋል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ «ከተረጨ ሳምንት ሳይሞላው እንዳትለቅሙ» ብሎ ሲመክር ሁላችን ሰምተናል፤ ግን የትኛው ነጋዴ ነው ሳምንት የሚጠብቅ? ረጨች፣ እጇን ታጠበች፣ ከእኔ ጋር ዘይትና ጨው ልትገዛ ወጣች። ለእንግዶቹ ምንም አልነገረቻቸውም። እኛ ማሳ ውስጥ ያደግን ሰዎች የምናውቀውን ሌላው ላያውቅ ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ስንመለስ ገና ከበሩ የቁሌት ሽታ ተቀበለን። አቤት ሽታ! ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ነጭ ሽንኩርቱ! የባለሙያ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ሃና ከድስቱ ቀና ብላ፣ «መጣችሁ? እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ነው። ዛሬ የማበላችሁ እኔ ነኝ!» አለች ፊቷ በደስታ እየበራ።

ሲቲ የያዘችው ዘይት ከእጇ ወደቀ። «ቲማቲሙን ከየት አመጣሽው?»

«ከቦዩ ዳር ነዋ፤ ከዚያ ከሚያምረው።»

ሲቲ ሮጠችና ድስቱን በእግሯ መታችው! ድስቱ ተገለበጠ፣ ወጡ አመዱ ላይ ፈሰሰ፣ እሳቱ ተንቸሰቸሰ።

እንግዳ ፊት ምግብ መድፋት! ያውም በወሎ ምድር! አባባ ንጉሴ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ከዘራቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ተነሽ እንሂድ። ቲማቲም ከተሰሰተበት ቤት ሜዳ ይሻላል» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ ወዴት ይሄዳሉ? ዝናብ ነው፣ ጦርነት ነው!» ብዬ በሩ ላይ ተጋረጥኩ።

«ዘወር በል፣ ልጄ።»

ሃና እያለቀሰች ነጠላዋን ትፈልጋለች። ያን ጊዜ ነው ሲቲ የጮኸችው።

«መድኃኒት ነው! መርዝ ነው! ዛሬ ጠዋት ረጭቼዋለሁ! ሰስቼ አይደለም፣ ወላሂ ሰስቼ አይደለም! ቀምሰሻል? ሃና፣ ቀምሰሻል ወይ?»

ሃና ሆዷን ያዘች። «ጨው ልይ ብዬ... መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ...»

ባጃጇን እንዴት እንዳስነሳኋት አላውቅም! ጭቃ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ክላክሱን ሳልለቅ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ከኋላዬ ሲቲ ሃናን አቅፋ «ያ ረቢ፣ የኔን ነፍስ ውሰድ፣ የኔን!» ትላለች። አባባ ንጉሴ «እመቤቴ፣ አደራሽን» ይላሉ። በአንድ ባጃጅ ሁለት ጸሎት ጭኜ በረርኩ ነው የምላችሁ። ነርሷ ምን እንደተረጨ ጠየቀች፣ ሃናን መረመረቻት፣ የፅንሱን ልብ አዳመጠች፣ እዚያው አስቀምጣ ስትከታተላት ቆየች። በመጨረሻ፣ «አይዞሽ፣ ደህና ነሽ። ልጅሽም ደህና ነው። የሚያቅለሸልሽሽ ወይ የሚያልብሽ ከሆነ ግን ፈጥነሽ ተመለሺ» አለቻት። እልል! እኔ ነኝ እልል ያልኩት፣ እኔ ወንድዬው! ነርሷ በቁጣ ከክፍሉ አስወጣችኝ።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎን እየሳቅን ተመለስን። አባባ ንጉሴ እንኳ «በተደፋ ድስት መትረፍም አለ ማለት ነው» ብለው ቀለዱ። ሃና ግን ገና ባጃጇ ውስጥ እንዳለን ጠየቀች።

«ሲቲ፣ ለእኛ የማይሆን ከሆነ ለማን ነበር?» ቁጣ የለበትም፤ ለማወቅ ያህል ነው።

«ለገበያ ነዋ። ነገ መኪና ይመጣል።»

«ነገ? ዛሬ የተረጨው?»

«ነጋዴ ቀን አይጠብቅማ፣ እህቴ።»

«ወዴት ነው የሚወስደው?»

«አሁን ወልድያ ባዶ ስለሆነ ወደ ደሴ ነው። ሌላ ጊዜ ግን ወልድያ ነው የሚራገፍ።»

ሃና ዞር ብላ አየቻት። «ሳጥኑን በሰማያዊ ገመድ የምታስሪው አንቺ ነሽ?»

መሪውን ልስት ምንም አልቀረኝ።

«እኔ እኮ ያንን ሰማያዊ ገመድ ካላየሁ ከማንም አልገዛም ነበር» አለች ሃና። «ደንበኞቼን ያበላሁት እሱን ነው። አባቴንም። ይኼን ልጅ ካረገዝኩ ወዲህማ አምሮኝ፣ ጥሬውን በሚጥሚጣ ስበላው ነው የከረምኩት።»

ሲቲ ፊቷን በሻሿ ሸፍና እስከ ቤቷ ድረስ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

በማግስቱ ማለዳ አዳነ ጥሩንባውን እያንባረቀ ደረሰ። ሲቲ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ዛሬ አይለቀምም። ሳምንት ቆይተህ ና።»

«ሳምንት! አብደሻል እንዴ? በዚህ ዝናብ ሳምንት ከቆየ ግማሹ ይበሰብሳል። ደግሞ ሳምንት ቆይቶ መንገዱ ክፍት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ትናንት ተረጭቷል እኮ ነው የምልህ።»

«መቼ ያልተረጨ ጭኜ አውቃለሁ?»

ሲቲ ወደ ማሳው ገባች፣ የሚያምረውን አንዱን ቀጥፋ ተመለሰችና ዘረጋችለት። «እሺ፣ ጫን። መጀመሪያ ግን ይቺን ብላልኝ።»

አዳነ ከት ብሎ ሳቀ። «ተይ እንጂ ሲቲ! እኔ ቤት ቲማቲም ከጓሮ ነው የሚበላው።»

እሷም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ የደስታ መስሎት አብሯት ይስቃል። ድንገት አቆመችና ፍሬዋን ጭቃው ውስጥ ወርውራ፣ «ሂድ! ባዶህን ሂድ!» አለችው። አይሱዙው እንዳመጣጡ ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያ መጥረቢያ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ስከተላት የእሾህ አጥሩን እየቆረጠች ትጥለዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የቤት መደብ የሚባል ነገር ከዛሬ ወዲያ የለም። የምሸጠውን እበላለሁ፤ የማልበላውን አልሸጥም።»

«እሰይ! ኦርጋኒክ ሆንሽ ማለት ነው!» ብዬ ዘለልኩ።

«ዝም በል አንተ! ምች ማሳዬን ሲጨርሰው ቆሜ ላየው ነው? እረጫለሁ። ግን በልኩ እረጫለሁ፣ ቀኑንም እጠብቃለሁ። ፍጉም አመዱም ከእንግዲህ ወደ ትልቁ ነው የሚሄደው። ትንሽ ትል ቢገባበት ይግባ! ዓይኑ ያልወደደው ገበያ ይለፈኝ።»

በአፍ ቀላል ነው፤ ሳምንቱ ግን ቀላል አልነበረም። ዝናቡ አላባራ አለ፣ የበሰለው እየተሰነጠቀ ረገፈ፣ በሰሜን በኩል የመድፍ ድምፅ ይሰማል። እንጀራውን በሽሮ በላን፤ ሽሮው ሲያልቅ በበርበሬ። ማሳው ሙሉ ቀይ ቲማቲም ሆኖ እኛ በርበሬ! ጎረቤቱ ሁሉ «ሲቲ ለየላት» አለ። አባባ ንጉሴ ግን ከዘራቸውን አስቀምጠው ከእሷ ጋር ፍግ ሲያግዙ ዋሉ። «አባቴ፣ እባክዎን ይረፉ» ብትላቸው፣ «ተይኝ ልጄ። ያን ቀን በዚህ ምላሴ የተናገርኩትን በምን ልካሰው?» አሏት።

ቀኑ ሞላ። የተረፈውን ለቀምን፤ ከምርቱ ግማሽ አይሆንም። ሲቲ አንድ ሳህን መርጣ አጠበች፣ ደግማ አጠበች፣ ሚጥሚጣና ጨው አቀረበች፣ ተሰብስበን ተቀመጥን። ሃና እጇን ስትዘረጋ ሲቲ ያዘቻት። «ቆይ። ዛሬ የፊተኛው የኔ ነው።»

አንዱን አነሳች። ወደ አፏ አስጠጋችው፣ መለሰችው። በዚያው እጇ ዘርታዋለች፣ ረጭታዋለች፣ በሳጥን አስራ ሸጣዋለች፤ ቀምሳው ግን አታውቅም።

«ሳምንት ሞልቷል አይደል፣ ገበየሁ?»

«ሞልቷል።»

«በደንብ ታጥቧል አይደል?»

«ታጥቧል እኮ፣ ብዪ እንጂ!»

አልበላችም። ፍሬውን አገላብጣ ታያለች። ሃና ጠጋ አለቻትና ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ቢስሚላህ በይና ብዪ፣ ሲቲ» አለቻት። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ስበላው ነው የኖርኩት።»